ቡናው ከእኛ፣ ልመናውም ከእኛ?

(ቦንጋ ላይ ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ሽማግሌዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

ከዴቻ፣ ከጊምቦ፣ ከአዲዮና ከጨና ሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። በዚህ ዝናብና በዚህ ጭቃ የመጣ ሰው የሚረባ ነገር ሰምቶ መመለስ ይገባዋልና ወደ ጉዳዩ ቶሎ ለመግባት እሞክራለሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «ገንዘብን በድፍረትና በአዲስ መንገድ ስለ ማሰባሰብ» የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ርእሱ ሲነገረኝ አልወደድሁትም። እኔ ያደግሁት ስለ ገንዘብ በመድረክ መናገር እንደ ነውር በሚቈጠርበት አጥቢያ ነው። የመባ ከረጢቱ ሲዞር እንኳ ሰው ሁሉ አንገቱን ይደፋ ነበር። እንዲያውም ብዙዎቻችን አንገታችንን የምንደፋው ለጸሎት ይሁን ከረጢቱን ላለማየት እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሆኖም ዘመኑ ስለ ገንዘብ በግልጥ እንድንነጋገር አስገድዶናል።

ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣን በያዙበት ዕለት የአገሪቱ የውጭ ልማት እርዳታ እንዲታገድ አዘዙ። ከ60 ዓመት በላይ የቆየው ዩኤስኤይድ የተባለው መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት ሰኔ 24 ቀን ሥራውን አቆመ። ኢትዮጵያ ከዚያ መሥሪያ ቤት ብዙ እርዳታ ያገኙ ከነበሩት የአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደም ነበረች። እኛ በአብዛኛው የምንደገፈው በአብያተ ክርስቲያናት ነውና ነገሩ አይነካንም ብለን ነበር። ተሳስተናል። ትልቁ በር ሲዘጋ በዚያ ይቆም የነበረው ሁሉ ወደ ትንንሾቹ በሮች መጣ። ዛሬ ከእኛ ደብዳቤ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ደብዳቤ ብዙ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ሠራተኞች መካከልም የወንድሙ ወይም የባልንጀራው ሥራ የታጠፈበት አለ።

እንግዲህ መልሳችን ምን ይሁን? የለመድነው መልስ አንድ ነው። ይኸውም ከቀድሞው የሚያሳዝን ደብዳቤ መጻፍ፣ ከቀድሞው የሚያሳዝን ፎቶግራፍ መላክ ነው። ስለዚህ ጉዳይ እኔ ራሴ ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት በዚሁ በካፋ ውስጥ ወዳለች አንዲት ቀበሌ ለለጋሾች የሚላክ ፎቶግራፍ እንዳነሣ ተልኬ ሄድሁ። የተመረጠችው የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ እንግዳ መምጣቱን ሰምታ ልጅቱን አጥባ፣ ፀጉሯን ሠርታ፣ የእሑድ ቀሚሷን አልብሳ ቈየችን። ቀሚሱ ቢጫ ነበር። እኔም በዚህ ዓይነት ፎቶግራፍ ማንም ገንዘብ እንደማይሰጥ ከሥራው ስለ ተማርሁ፣ «ሌላ ልብስ የላትም ወይ? የዘወትሩን አልብሷት» አልሁ። ሴትዮዋ ጥቂት ዝም ብላ አየችኝና፣ «ወንድሜ፣ ይህን እኮ ያጠብሁት እናንተ ትመጣላችሁ ብዬ ነው» አለችኝ። ቀሚሱ ግን ወለቀ፤ ፎቶግራፉም ተነሣ። ገንዘብ መጣ፤ በዚያም ገንዘብ ምንጭ ጐለበተ፤ ምንጩ እስከ ዛሬ ውኃ ይሰጣል። ይህን የምነግራችሁ ራሴን ለማጽደቅ አይደለም። ውኃው እውነት ነው። በዚያች እናት ላይ ያደረግሁትም በደል እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ እኖራለሁ።

በግ የምታረቡ ወንድሞች ነገሩን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የቦንጋ በግ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ሰውነቱ ትልቅ፣ ላቱ ረጅምና ወፍራም ነው፤ እናቲቱም ብዙ ጊዜ መንታ ትወልዳለች። ነገር ግን ቀደም ሲል ቶሎ የሚያድገው ምርጡ ወጠጤ ለበዓል ገበያ ቀድሞ ይወጣ ስለ ነበር፣ ለዘር የሚቀረው ያልተሸጠው ደካማው ነበር። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የቦንጋ የእርሻ ምርምር ማእከልና ከእርሱ ጋር የሚሠሩ የዓለም አቀፍ ምርምር ድርጅቶች ከአዲዮ ገበሬዎች ጋር ሆነው ይህን ለመለወጥ ተነሡ። ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጁ፤ ምርጡን ወጠጤ በኮሚቴ መርጠው ከገበያ አስቀሩ፤ በተራም በየመንጋው አሰማሩት። ዛሬ የእነዚያ ገበሬዎች ወጠጤ ለሌላ አካባቢ ዘር ሆኖ ይሸጣል። የልጅቱን ቀሚስ ባስወለቅሁ ጊዜ እኔ ያደረግሁት ግን ምርጡን ወጠጤ ለፋሲካ መሸጥ ነበር። ገንዘቡ በዕለቱ ደረሰ፤ በቀበሌው የቀረው ዘር ግን «እኛ የሚታዘንልን ሰዎች ነን» የሚል ሆነ። ከዚያ በኋላ ወደዚያች ቀበሌ ስሄድ ሰዎች እኔን ሲያዩ ልጆቻቸውን አሮጌ ልብስ ያለብሱ ጀመር። ማን አስተማራቸው?

ይህ የእኔ ብቻ በደል አይደለም፤ አገራችን በዓለም ፊት የታወቀችው በዚህ መንገድ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከኮረም የላከውን የረኃብ ዜና ካሳየ በኋላ ዓለም ሁሉ ተነሣ። በሐምሌ ወር 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅትም በሚሊዮን የሚቈጠር ገንዘብ አስገኘ። በዚያ እርዳታ የዳነ ብዙ ሰው አለ፤ እግዚአብሔር ለሰጡት ይክፈላቸው። ነገር ግን ከዝግጅቱ አስቀድሞ የወጣው ዝነኛው መዝሙር እነዚህ ሰዎች የጌታን ልደት ያውቁ ይሆን እያለ ይጠይቅ ነበር። ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ገናን ስላከበረች አገር ነው ይህ የተዘፈነው! የእኛም ደብዳቤ አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

ከእኛ ወገን በድፍረት የተጻፈ ደብዳቤ ብጠየቅ የማስታውሰው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን የላከችውን ነው። ያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል ለመስጠት ፈቃደኞች ሆነው፣ ለወንጌል ሥራ ሲሆን ግን እጃቸውን ስለ ሰበሰቡ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ እንዳይከፈል ተከራከረች። ተቀባይ ሆና ሰጪዎቿን አረመች። ገንዘቡ ይቅርብን ብላ አልተቈጣችም፤ እጅም ነሥታ አልተለማመጠችም። እንደ እኩያ ተናገረች።

አሁን ስለ አንድ ሌላ ደፋር ሰው ልናገር፤ ይህ ሰው የእኛ አገር ሰው አልነበረም፤ በኋላ ግን ሆነ። ካርልሃይንዝ በም ይባላል። በወጣትነቱ በፊልም የኦስትሪያውን ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆኖ ተጫውቶ በጀርመንኛ ተናጋሪዎች ዘንድ እጅግ የታወቀ ተዋናይ ነበር። ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. ሰዎች እየተወራረዱ በሚጫወቱበት የጀርመን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ በእንግድነት ቀረበ። እንግዶች ሁሉ ለጨዋታ ያህል ሲወራረዱ እርሱ ለሚመለከተው ሕዝብ እንዲህ ያለ ውርርድ አቀረበ፦ ይህን ዝግጅት ከሚያዩት ሰዎች ከሦስቱ አንዱ እንኳ በሳህል አገሮች ለተቸገሩት አንድ ማርክ አይሰጥም፤ ከተሳሳትሁ ራሴ ወደ አፍሪካ እሄዳለሁ።

ይህ ምን ዓይነት ልመና ነው? ሰውየው ሕዝቡን አላሞገሠም። አትሰጡም አለው። የጠየቀውም ትልቅ ነገር አልነበረም፤ አንድ ማርክ ነበር፤ ይኸውም ልጅ ከኪሱ ሊያወጣው የሚችል ነገር ነው። በዚያ ላይ የራሱን ሕይወት መያዣ አደረገ። በውርርዱ እንደ ተናገረው የሰጠው ሰው ቍጥር ከሦስት አንድ አልሞላም፤ ስለዚህ በም አሸነፈ። የተሰበሰበው ግን ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ሆነ። በውርርዱ ሕግ መሠረት ቤቱ ሊቀመጥ ይችል ነበር። እርሱ ግን በ1974 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ሥራውንም በሐረርጌ በኤረር ሸለቆ ጀመረ። ተዋናይነቱን ትቶ በዚህ ሥራ ላይ ዕድሜውን ጨረሰ፤ የኢትዮጵያም የክብር ዜግነት ተሰጥቶት በ2006 ዓ.ም. ዐረፈ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ካሸነፈ በኋላ መምጣቱ ነው። ብልኀት ያለው ውርርድ ማቅረብ የሚችል ሰው ብዙ ነው። ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ ሻንጣውን የሚይዝ ግን ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ አጭር ነው፤ ለእኛ ለካፋ ሰዎች ግን ቅርብ ነው። በእንግሊዝ አገር ማክሚላን የተባለ የካንሰር ሕሙማንን የሚረዳ ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከአካባቢ ኮሚቴዎቹ አንዱ አንድ ቀላል ነገር አሰበ፦ ሰዎች በአንድ ማለዳ ተሰብስበው ቡና ይጠጡ፤ የቡናውን ዋጋ የሚያህል ገንዘብ ለሕሙማን ይስጡ። በማግሥቱ ዓመት ነገሩ በአገሪቱ ሁሉ ተዳረሰ። እስከ ዛሬ በየዓመቱ በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ይደረጋል፤ በድምሩ ያስገኘውም ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው።

እስቲ አስቡት! ጎረቤትን ጠርቶ ቡና ማፍላት ከማን የተወሰደ ነው? ከዚህች ከተማ ጥቂት ሰዓት የሚያስኬደው የማንኪራ ጫካ የቡና መገኛ ነው ብለን ለእንግዳ ሁሉ እናሳያለን። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የተሠራው እዚሁ ቦንጋ ነው። የካፋን ደን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግበው አንዱ ምክንያት በውስጡ ያለው የጫካ ቡና ነው። በ2017 በጀት ዓመት አገራችን ከቡና ያገኘችው ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደ ሆነ ተነግሯል። ሌላው ሰው በእኛ ቡናና በእኛ ልማድ ለወገኑ ይህን ያህል ሲሰበስብ፣ እኛ የቡናው ባለቤቶች በሰው ፊት የምንቀርበው ባዶ እጃችንን ዘርግተን ብቻ ነውን?

ከዚህ በኋላ የምናገረው በእኛው ላይ የደረሰ ነገር ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንዶ ቤተሰቦችን ቀበረ። የተቀበሩትን ለማውጣት ጎረቤት ሁሉ አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ሊቈፍር ሮጠ። እነርሱም እየቈፈሩ ሳለ ሁለተኛ ናዳ ወርዶ ቀበራቸው። የሞተው ሰው ከ200 በላይ ነው። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች የነበራቸውን ሁሉ፣ ነፍሳቸውን ጭምር ለጎረቤታቸው ሰጡ። እኛስ በዚያ ሳምንት ምን አደረግን? እኔ በዚያ ጊዜ ያደረግሁትን አውቃለሁ፤ ደብዳቤ ጻፍሁ። ባሕር ማዶ ላሉ ወዳጆች አደጋ ደርሷልና እርዱ ብዬ ጻፍሁ። መልካም መልስ መጣ፤ የመጣው ግን ሐዘንተኛው ድንኳኑን ካፈረሰ በኋላ ነው። በካፋ ካሉት አጥቢያዎቻችን በዚያን ዕለት ተከፍቶ ብርድ ልብስና ዱቄት የሚገዛበት አንድ ካዝና አልነበረንም። ስለ ድሀነታችን እንዳይመስላችሁ። በዚያው ዓመት በእነዚሁ አጥቢያዎች ስንት ቤት በቆርቆሮ እንደ ተሠራ፣ ስንት ሞተር ብስክሌት እንደ ተገዛ አይተናል። ያልነበረን የጠየቀን ሰው ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በዚህ ዓመት የቡና ለቀማ ሲደርስ በየአጥቢያው ያለ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ አንድ ጣሳ የደረቀ ጀንፈል ቡና ይስጥ። ቡና የሌለው ማር፣ ማር የሌለው በቆሎ፣ ምንም የሌለው የአንድ ቀን የለቀማ ጉልበት ይስጥ። የሚሰበሰበው ገንዘብ ለአጥቢያው ሕንፃ ወይም ለመዘምራን ልብስ አይሆንም። በካፋም ሆነ በጎረቤቶቻችን በዳውሮ፣ በኮንታ፣ በጎፋ ወይም በቤንች አደጋ ሲደርስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚውል መጠባበቂያ ይሁን። ለዱቄት፣ ለብርድ ልብስ፣ ለሸራና ለአካፋ ማለቴ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትልልቆቹ ይደርሳሉ፤ የሦስቱ ቀን ግን የጎረቤት ነው።

ይህን ካደረግን በኋላ ነው ደብዳቤ የምንጽፈው። በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ላሉ ወዳጅ አጥቢያዎች ከግማሽ ኪሎ የተቈላ ቡና ጋር እንዲህ ብለን እንልካለን፦ የካፋ ምእመናን ይህን ያህል ብር አስቀምጠዋል፤ ከእሑድ አምልኮ በኋላ ይህን ቡና አፍልታችሁ ጠጡና በልካቸው ጨምሩ። ቍጥሩ ትንሽም ቢሆን ትንሽነቱን እንጽፋለን። የጨመረውንም ያልጨመረውንም በዚህ ጋዜጣ እናወጣለን። ያልጨመረው አጥቢያ አጠገብ ዜሮ ይጻፋል። አንዳንዶቻችሁ ስትሥቁ አያለሁ፤ እኔ ግን አልቀልድም። በም በሚሊዮን ለሚቈጠር ሕዝብ አትሰጡም ብሎ ተናግሮ የለምን?

ደግሞም ይህ ከዓለም የመጣ የገበያ ዘዴ እንዳይመስላችሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ገንዘብ ሲያሰባስብ ይህንኑ ነው ያደረገው። ለቆሮንቶስ ሰዎች የመቄዶንያ አብያተ ክርስቲያናት በከባድ ድህነት ውስጥ ሆነው እንዴት እንደ ሰጡ ነገራቸው፤ ለመቄዶንያ ሰዎች ደግሞ የቆሮንቶስን ዝግጅት እያነሣ ይመካ ነበር። የአንዱን ስጦታ ለሌላው ማነሣሻ አደረገ። ስለ ገንዘቡም ማንም እንዳይነቅፋቸው፣ በአብያተ ክርስቲያናት የተመሰከረላቸውን ሰዎች አብረው እንዲሄዱ አደረገ። ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ ስምንትንና ዘጠኝን ቤታችሁ ስትገቡ በዚህ ዓይን አንብቡት።

ምእመኖቻችን ድሆች ናቸው የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በሰሜን ምሥራቅ ህንድ ሚዞራም በሚባል ተራራማ አገር ያሉ ክርስቲያኖችም ድሆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ እናቶች ሩዝ ሲቀቅሉ በየምግቡ አንድ እፍኝ እያነሡ ለብቻ ማስቀመጥ ጀመሩ። በሳምንቱ መጨረሻ እፍኙ ይሰበሰብና ይሸጣል። ከመቶ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ቆይቷል፤ ዛሬ ከእፍኝ ሩዝ የሚገኘው ገንዘብ በዓመት በብዙ ሚሊዮን ሩፒ ይቈጠራል፤ ያች ቤተ ክርስቲያንም ሰው የምትልክ እንጂ የምትቀበል ብቻ አይደለችም። ከዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የወላይታ አባቶች በጣልያን ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም. ሚስዮናውያኑ ሲወጡ፣ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ አይሞሉም ነበር። ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚደርሱ አማኞች አገኙ። በዚያ መካከል ከውጭ አንድ ሳንቲም አልመጣም። ከዚያም በኋላ ወንጌላውያንን ወደ ሩቅ አገር የላኩት ስንቃቸውን ራሳቸው ቋጥረው ነው።

ከድህነት ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ አጥቢያ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለችግረኞች በቆሎ ተሰብስቦ ነበር። ምእመኑ በደስታ ሰጠ፤ ጎተራው ሞላ። ማን ይቀበል የሚለውን ለመወሰን ኮሚቴው ሊሰበሰብ አልቻለም፤ ሊቀ መንበሩ ሲገኝ ገንዘብ ያዡ ይጠፋል፤ ገንዘብ ያዡ ሲገኝ ሊቀ መንበሩ ለቅሶ ይሄዳል። በመጨረሻ ጎተራው ሲከፈት በቆሎውን ነቀዝ ጨርሶት ተገኘ። ማንም አልሰረቀም። ግን በዚያ አጥቢያ እስከ ዛሬ ስጡ ብሎ መናገር አይቻልም። አንዲት እናት ለነቀዝ ነው ወይ? ይላሉ። መልስ የለንም።

ስለዚህ ሥርዐቱን አስቀድመን እንያዝ። ቤተ ክርስቲያን የቡና ንግድ ፈቃድ የላትም፤ ቡናው የሚሸጠው አባሎቻችን በታቀፉባቸው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ይሁን። በጎተራ የሚከማች ነገር አይኑር፤ በሳምንቱ ተሸጦ ገንዘቡ ባንክ ይግባ። ፈራሚዎቹ ሦስት ይሁኑ፤ አንዷ እናቶች የመረጧት ሴት ትሁን። አደጋ በደረሰ ጊዜ ከሦስቱ ሁለቱ ከተገኙ በዚያው ዕለት ማውጣት ይችሉ። በየሦስት ወሩ በእሑድ አምልኮ መጨረሻ ሂሳቡ በሚሰማ ድምፅ ይነበብ፤ ጥያቄ ያለው ቆሞ ይጠይቅ። ጆርጅ ሙለር በብሪስቶል ከተማ እልፍ ወላጅ አልባ ልጆችን ሲያሳድግ ማንንም ገንዘብ አልጠየቀም እየተባለ ይሰበካል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የገባውንና የወጣውን በየዓመቱ አሳትሞ ለሕዝብ ያወጣ እንደ ነበር ሰባኪዎቻችን አይነግሩንም።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቍጥር 1113 ድርጅቶች የራሳቸውን ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ በር ከፍቷል፤ የአስተዳደር ወጪም ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ለእኛ ግን ከ20 በመቶውም ያነሰ ሊበቃን ይገባል። አንድ ጣሳ ቡና ለመቀበል በላንድክሩዘር የሚሄድ ሠራተኛ ካለ ነዳጁ ከቡናው ይበልጣልና እባካችሁ ከመኪናው ውረዱ። ቡናውን የሚሰበስቡት የሴቶች ማኅበርና ወጣቶች ናቸው። የእናንተ ሥራ ሂሳቡን ማስተማርና ደብዳቤውን በእውነት መጻፍ ነው። በደብዳቤው ውስጥ «ረዳት የሌላቸው» የሚል ቃል ካየሁ እሰርዘዋለሁ፤ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።

ከደብዳቤው ጋር ፎቶግራፍ መላኩ አይቀርም፤ አዘጋጆቹም ካሜራ እንደ ያዝሁ አይተዋል። እናቶች ቡናውን በጣሳ ሲሰፍሩ እናነሣለን። የሚለብሱትን እነርሱ ይምረጡ። ከመላኩም በፊት ፎቶግራፉን ለተነሡት አሳይተን፣ አይሄድም ካሉ አይሄድም።

የመጀመሪያው ለቀማ በጥቅምት ነው፤ ጊዜው አጭር ነው። ከምሳ በፊት በየወረዳችሁ ተሰብስባችሁ ሦስት ነገር እንድትወስኑ እለምናለሁ። ፈራሚዎቹን የሚመርጠው ማን ነው? ከየአጥቢያው ቡናውን ወደ ማኅበሩ መጋዘን የሚያደርሰው ማን ነው? ሦስተኛው ትንሽ ይመስላል፤ ጭቅጭቅ እንደሚያመጣ ግን ዛሬ ጠዋት በሻይ ሰዓት አይቻለሁ። የጊምቦ ጣሳና የጨና ጣሳ እኩል አይደለም። አንዱ ተለክቶ ይቍረጥ።